አንድ እጅ ነጭ

ሰኔ ነው፤ ጅማ ላይ ሰማዩ ተቀዷል፣
ከአጂፕ እስከ መርካቶ አስፋልቱ ወንዝ ሆኗል።
እኔ ሱቄ ውስጥ ነኝ፣ ቀለም በጠብጣለሁ፣
ለጃንጥላ ጽፌ ለቁልፍ እጽፋለሁ።
ጃንጥላ ቀላል ነው፣ ዘንግ ያለው ግማሽ ክብ፤
ቁልፍ ግን ጥርስ አለው፣ ይጠይቃል ልብ።
አረንጓዴው ሲያልቅ ቀዩን እከፍታለሁ፤
"የማን ነህ?" ሲሉኝም፣
"የከፋዩ ነኛ!" ብዬ እስቃለሁ።

ሐሙስ ማታ ነበር፣ ገበያው ካለፈ፣
አንድ ጥቁር ጃንጥላ ደጄ ላይ ታጠፈ።
አባ ዱራ ናቸው፤ ሃያ ዓመት ሙሉ
ቆርቆሮ በራቸው ላይ ጃንጥላ ያስሳሉ፣
በጃንጥላ ምክንያት ከወንድም የተጣሉ፣
ቁልፍ ያለበት ሠርግ "አልበላም" የሚሉ።
በርጩማ ሳብኩላቸው፣ ባለ ሦስት እግሩን፤
ተቀመጡ ቀስ ብለው፣ አራግፈው ዝናቡን።

"ጻፍ" አሉኝ።
አቡጀዲ ዘረጋሁ።
"እኔ፣ አባ ዱራ፣ የሂርማታው ሰው፣
ዘንድሮ ድምፄን ለቁልፍ ነው የምሰጠው።
ለወይዘሮ ጦይባ። እንዳታሳንሰው፤
መነጽር የሌለው ከመንገድ ያንብበው።
የግቢዬንም በር ዓርብ ትቀባለህ።"
ብሩሹ ከእጄ ወድቆ ጫማዬን ቀባው።
"አባ ዱራ፣ ትኩሳት አለብዎት?" አልኳቸው።

"ቅዳሜ አዳራሹ ክርክር ነበረ፤
የኛው እጩ ተነሥቶ ስለ ወንዝ ደሰኮረ፤
'አዌቱ ላይ ድልድይ ላቆም ነው' እያለ፣
በእድራችን ብር የቆመው እያለ!
ስሚንቶ ተሸክሜ ወገቤ የጎበጠ፣
ዝም አልኩ፤ አንገቴን ደፋሁ፤ ፊቴ ተለወጠ።
ከዚያ ጦይባ ቆመች። ሃያ ዓመት ሙሉ
በደግ ያላነሣኋት። ምን አለች በሉ፦
'ድልድዩማ አለ፤ የሠራው የኔ ወገን አይደል፤
እዚያ የተቀመጡት አባት ናቸው፤ እውነት አይበደል።'
በጣቷ አሳየችኝ።
አዳራሹ ዞረ። እኔ ጫማዬን አየሁ።"

"ይኸው ነው?" አልኳቸው።
"ታዲያ ምን ይጨመር?"

ቀለሙ ሳይደርቅ ወሬው ከተማ አደረ፤
"ስንት ተቀበሉ?" ልብስ ሰፊው ጀመረ።
ባለ ባጃጁ ደግሞ፣ "መሬት ነው፣ መሬት!"
"አይ፣ ጃጁ" አለ አንዱ፣ "የእርጅና ነው ስሕተት።"
ልጃቸው ናዚፍ፣ የጃንጥላ ወጣቶች ሰብሳቢ፣
ሦስት ቀን ሙሉ ሳህኑን ይዞ ሌላ ክፍል በላ።

ማክሰኞ ደግሞ መምህር ወዳጆ ብቅ አሉ፣
ቁልፍን ከመሠረቱት ቀዳሚው ይባላሉ።
"ለጃንጥላ ጻፍልኝ።"
"እርስዎም?!" ብዬ ጮህኩ።
"ዶክተር ፈድሉን ዛሬ ጎሕ ሲቀድ አየሁት፤
ያን ድልድይ ብቻውን ሦስቴ ሲሻገር ቆጠርኩት።
ብረቱን ይዳስሳል፣ ዝናብ እየመታው፤
ያፈረ እጩ ሳይ ይኼ የመጀመሪያው!
ሰው ማፈር ከቻለማ ሌላው ይለመዳል፤
ቁልፌን ኪሴ ከትቼ ድምፄ ለሱ ይሄዳል።"

ዓርብ ለጥቂት አባራ፤ በሩን ነጭ ቀባሁት፣
ደረቅ ሲልልኝም ቁልፉን በቀይ ሳልኩት።
ግን አንድ እጅ ነጭ ነዋ! ከቁልፉ በስተኋላ
ቀስ እያለ ብቅ አለ አረንጓዴው ጃንጥላ።
"አባ ዱራ፣ ልድገመው? ነጩ ተርፎኛልና።"
ዝም ብለው አዩት፤ ካፊያው ጀመረና
የእጃቸውን ጃንጥላ ዘረጉት በዝግታ።
"ተወው" አሉኝ፤ "ይታይ።
ሃያ ዓመቱ እኮ ውሸት አልነበረም።"

ሒሳቤን ከፈሉኝ። ናዚፍ ከግቢ ወጣ፤
አባቱን ሳያይ አልፎ ወደኔ መጣ፤
ቁልፉንም ጃንጥላውንም አየ፤ ቆየ ጥቂት፤
"አንተስ?" አለኝ። "አንተ የማን ነህ፣ በእውነት?"
"የከፋዩ ነኛ!" ልል አፌን ከፈትኩት።
ዝናቡ ገባበት።